ፎም ሮለሩ ወይስ የእናቴ እጅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ነው የምሠራው። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ማታ ቤት ስገባ አንገቴና ትከሻዬ እንደ እንጨት ደርቆ ነው። እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር መሮጥ ጀምሬ ደግሞ ባቴን በጣም ያመኛል። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ፎም ሮለር የሚባል፣ ጡንቻ የሚንከባለልበት ድቡልቡል ጠንካራ ስፖንጅ ገዝቶ ላከልኝ። ደሴ ያለችው እናቴ ግን «ብርድ ነው የገባሽ፤ ይሄ ስፖንጅ ምን ይሠራልሻል፤ ነይ በቅቤ ልሽሽ» ትለኛለች። ከሕመሙ ይበልጥ የሚያስቸግረኝ ሐሳብ ነው። ጭንቅላቴ አያርፍም፣ እንቅልፍም የለኝም። ለሰውነትም ለመንፈስም የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ደሴ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ተመሳሳይ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። አብዛኛው ሰው ግን ስለ ጡንቻው ብቻ ጠይቆኝ ይሄዳል። አንቺ የመንፈሱንም አብረሽ ስላነሳሽ ደስ ብሎኛል። ሮለሩና የእናትሽ እጅ በደንብ የሚለያዩት እዚያ ላይ ነውና።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ለባትሽና ለጭንሽ ሮለሩ ይበቃሻል። ለትከሻሽና ለማያርፈው ጭንቅላትሽ የእናትሽ እጅ ይበልጣል። ማሽኑ ላይ የምትውይበትን አቀማመጥ ግን ሁለቱም አያስተካክሉልሽም። እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሁለቱም እንዴት እንደሚሠሩ ላጥራ። ሰው ሲታሽ «የተቋጠረው ተፈታልኝ» ይላል። ጂም የሚሠሩ ልጆች ደግሞ «ላክቲክ አሲዱ ወጣ» ይላሉ፤ ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ የሚፈጥረውን ነገር ማለታቸው ነው። የሚሰማቸው እፎይታ እውነት ነው። ማብራሪያው ግን ልክ አይደለም። ላክቲክ አሲድን ሩጫ ካቆምሽ በኋላ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሰውነትሽ ራሱ ይጠቀምበታል። ሰኞ ጠዋት ደረጃ ስትወርጂ ባትሽን የሚያሠቃይሽ ሌላ ነገር ነው። ጡንቻሽ ያልለመደውን ሥራ ሠርቶ ጥቃቅን ጉዳት ደርሶበታል፤ ተቆጥቷል። ይህ ሕመም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል፣ ከዚያ በራሱ ይለቃል።

«ቋጠሮ» የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ሥጋ ሲበለት ከጡንቻው ላይ የሚላጠውን ነጭ ስስ ሽፋን ታውቂዋለሽ። ሮለር የሚሸጡ ሰዎች ይህ ሽፋን «ተጣብቆ» ነው፣ ሮለሩ «ያላቅቀዋል» ይላሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ስሌት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የጭን ጎንና የውስጥ እግር ጠንካራ ሽፋኖችን 1 በመቶ ብቻ ለመጭመቅ እንኳን ከሰው እጅ አቅም በላይ የሆነ ኃይል ያስፈልጋል። ሮለርም ሆነ ወጌሻ ያንን ሽፋን ቅርጹን አይቀይረውም።

ታዲያ ምንድን ነው የሚፍታታው? ነርቭሽ ነው። ጡንቻ የሚደርቀው ብዙ ጊዜ አእምሮ «ጠብቅ፣ ተጠንቀቅ» ብሎ ስለያዘው ነው። ቆዳና ጡንቻ ላይ ቀስ ያለ ጫና ሲያርፍ ነርቮች መልእክት ይልካሉ። አእምሮ ያንን ሲሰማ ጥበቃውን ያላላል፣ የሕመሙንም ድምፅ ይቀንሳል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። በሙከራ ላይ ሰዎች አንድ እግራቸውን ብቻ ሮለር ላይ ሲያንከባልሉ፣ ያልተነካው ሌላኛው እግርም ይፍታታል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። የሚሠራው ስፖንጁ የነካው ቦታ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ይህን ያስረዘምኩት ለአንድ ምክንያት ነው። «ቋጠሮ ይሰበራል» ብሎ የሚያምን ሰው አጥብቆ ይጫናል። «ካላመመ አልሠራም» ይላል። እኔም ተማሪ እያለሁ እንደዚያ ነበር የማምነው። ጭኔን ሮለር ላይ አውጥቼ ጥርሴን ነክሼ ሳንከባልል ቆይቼ በማግስቱ ጠቆረ፣ በለዘ። አራት ቀን አነከስኩ። የፈራ ነርቭ በሕመም አይረጋጋም፤ ጭራሽ ይብስበታል።

አሁን ወደ ሰውነቱ ንጽጽር። እዚህ ላይ ብዙም አልቆይም፣ ምክንያቱም ልዩነቱ ትንሽ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. 21 የሮለር ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንታኔ ወጥቶ ነበር። ከስፖርት በፊት ሲደረግ መለጠጥን በአማካይ 4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከስፖርት በኋላ ሲደረግ የሚሰማውን ሕመም 6 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የእጅ ማሳጅን በተመለከተ በ2020 እ.ኤ.አ. 29 ጥናቶችና 1,012 ሰዎች ተደምረው ታይተዋል። ጉልበትም፣ ፍጥነትም፣ ዝላይም አልጨመረም። መለጠጥንና የጡንቻ ሕመምን ግን በትንሹ አሻሽሏል። በ2018 እ.ኤ.አ. የተለያዩ የማገገሚያ መንገዶችን ያወዳደረ ሌላ ትልቅ ትንታኔ ደግሞ ለሕመሙና ለድካም ስሜቱ ማሳጅን አንደኛ አድርጎታል።

እንግዲህ ለባት ሕመም ሁለቱም ይረዳሉ፤ ሁለቱም የሚረዱት በመጠኑ ነው። ሮለር የሚሰጥሽ መፍታታት ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ዕድሜው አጭር የሆነ ነገር ደግሞ በየቀኑ ሊደረግ የሚችል ካልሆነ አይጠቅምም። ሮለሩ አልጋሽ ሥር ነው። የእናትሽ እጅ ግን 25 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ነው። ለባትሽ ብለሽ ያን ሁሉ ዳገት አትውጪ።

ለመንፈስሽ ግን ውጪ።

ቆዳችን ውስጥ ዋና ሥራቸው ልስልስ ንክኪን መቀበል የሆነ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። ፀጉር በሚያበቅለው ቆዳችን ላይ ነው በብዛት ያሉት፤ ክንድና ጀርባ ላይ ለምሳሌ። እነዚህ ነርቮች ምርጫ አላቸው። በሴኮንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ዝግ ያለ እጅ ይመርጣሉ። ሙቀቱም የሰው ቆዳ ሙቀት ያህል፣ 32 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በደንብ ይነቃሉ። ነገሩን ሳስበው ይገርመኛል። ይህ ፍጥነትና ሙቀት እናት ልጇን ስታባብል የምትዳብስበት ፍጥነትና ሙቀት ነው። ማንም አላስተማራትም። መልእክቱ የሚደርሰውም ስሜትን የሚያስተናግደው የአእምሮ ክፍል ጋ ነው። «የት ነው የተነካሁት?» ከሚለው ይልቅ «ደኅና ነኝ» የሚለውን ይናገራል። ቀዝቃዛ ስፖንጅ ይህን ቋንቋ አይችለውም።

በቁጥርም ታይቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. 37 የማሳጅ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ አንድ ጊዜ መታሸት የዚያን ሰዓት ጭንቀት፣ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ቀንሷል። ተከታታይ ሲሆን ደግሞ ሥር የሰደደ ጭንቀትና ድብርት ላይ ለውጡ ትልቅ ነበር። «ማሳጅ የጭንቀት ሆርሞንን ያጠፋል» የሚል ነገር ካነበብሽ ግን አትቀበዪው። በ2011 እ.ኤ.አ. በጥንቃቄ ሲታይ ኮርቲሶል በሚባለው በዚህ ሆርሞን ላይ ያለው ለውጥ ኢምንት ሆኖ ተገኝቷል። ሰውየው ይረጋጋል፤ የሚረጋጋው ግን በዚያ መንገድ አይደለም።

ሮለሩስ? በ2014 እ.ኤ.አ. ኮሪያ ውስጥ አንድ አነስተኛ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ሰዎቹ ከተራመዱ በኋላ ገሚሶቹ ሮለር ላይ ተንከባለሉ፣ ገሚሶቹ ዝም ብለው ተጋደሙ። የጭንቀት ሆርሞናቸው ሁለቱም ጋ ቀነሰ፤ በመካከላቸው ልዩነት አልነበረም። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። ለመንፈስ የጠቀማቸው ዕረፍቱ ነው። ስለዚህ ሮለሩን ስትጠቀሚ የምትጣደፊ ከሆነ ጥቅሙን ራስሽ ታጠፊዋለሽ።

ያንቺን ነገር ሳስብ በጣም የሚታየኝ ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ ታርጌት ላይ ነሽ። በሰዓት ይህን ያህል ፒስ፣ ሱፐርቫይዘር ቆሞ ይቆጥራል። ማታ ደግሞ ሮለሩን አውጥተሽ «ለዚህኛው እግር አንድ ደቂቃ፣ ለዚያኛው አንድ ደቂቃ» ስትዪ ሌላ ታርጌት ይሆንብሻል። ሮለር ላይ ሠራተኛዋም አንቺ፣ የምትታከሚውም አንቺ ነሽ። ክንድሽ ይሸከማል፣ ሆድሽ ይወጠራል፣ ጭንቅላትሽ ይቆጥራል። እናትሽ ስታሽሽ ግን ምንም አትሠሪም። ክብደትሽን ትሰጫታለሽ። ስንት ሰዓት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ሰው ለሃያ ደቂቃ ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ ሲያስረክብ የሚመጣው ዕረፍት ሌላ ነው።

ሁሉም ሰው ግን በንክኪ አይረጋጋም። ይህንንም መናገር አለብኝ። በእኛ አቆጣጠር ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ትከሻቸው ጆሯቸው ድረስ ወጥቶ፣ ሲነኩ የሚደነግጡ ሰዎች አይቻለሁ። አንዲት ሴት ገና ጀርባዋን ልነካ ስል ትንፋሿን ያዘች። እጄን መለስኩና ኳስ ሰጠኋት። ግድግዳ ላይ ተደግፋ ራሷ፣ በፈለገችው መጠን፣ በፈለገችው ሰዓት እያቆመች ትጠቀምበት ነበር። ለእሷ የተሻለው ያ ነበር፤ ምክንያቱም መቆጣጠሪያው እጇ ላይ ነው። በወንድ ባለሙያ መታሸት የማይፈልጉ፣ ሴት ባለሙያ ደግሞ በአቅራቢያቸው የሌለላቸው እህቶችም ብዙ ናቸው። እኛ ወሎ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ለእነሱም ሮለርና ኳስ ጥሩ መፍትሔ ነው። አንቺ ግን እናት አለሽ፤ እጇንም ዘርግታልሻለች።

እናትሽ «ብርድ ነው» ማለቷንም አልንቀውም። ብርድ ጡንቻሽ ውስጥ ገብቶ አልተቀመጠም። ነገር ግን ሙቀት የደረቀ ጡንቻን እንደሚያሳርፍ የታወቀ ነው። መድኃኒቱን አውቃዋለች፤ ስሙን ብቻ ነው ሌላ የሰጠችው። ኮምቦልቻ ላይም ማታ በሙቅ ውሃ የራሰና የተጨመቀ ፎጣ ትከሻሽ ላይ ለአሥር ደቂቃ አድርጊ።

አሁን አደራ የምልሽ ክፍል። መታሸትም ሆነ ማንከባለል የማይነካቸው ሕመሞች አሉ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት ከገጠር መጡ። ወገባቸውን ለብዙ ወራት ሲታሹ ነው የቆዩት። በታሹ ቁጥር ለአንድ ቀን ይቀልላቸዋል፣ ከዚያ ይመለስባቸዋል። እኔም ወዲያው ወደ ማሸት ልገባ ነበር። ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ እንደተበሳበት አየሁና «አባባ፣ ከስተዋል?» አልኳቸው። ከስተዋል። ሌሊት ያልብዎታል? ያልበኛል። የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ያሿቸው ሰው ክፋት አልነበረባቸውም። እኔም ቀበቶውን ባላይ ኖሮ አሽቼ እሰዳቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ የማንንም ጀርባ አልነካም።

ስለዚህ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት አብሮት ያለ የጀርባ ሕመም ወደ ሐኪም ነው የሚሄደው። እጅ ወይም እግር እየደነዘዘ ጉልበት ካጣ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ያን ዕለቱኑ ነው። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ በፍጹም አይታሽም፣ አይንከባለልም። ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ከተነቀለ ሳንባ ይዘጋል። በተለይ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ፣ ወሊድ ወይም ቀዶ ሕክምና ካለፈ ብዙም ያልቆየ ከሆነ ይህን አስቢ። ሩጫ ላይ ቁርጭምጭሚትሽ ወለም ካለሽም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት አትታሺው። እግርሽን መሬት ላይ ማሳረፍ ካቃተሽ አስቀድመሽ ራጅ ተነሺ። ወጌሻዎቻችን ብዙ ሰው የረዱ፣ እጃቸው የሠለጠነ ሰዎች አሉባቸው። ነገር ግን በተሰበረ አጥንት ላይ አጥብቆ መታሰር ደም አሳጥቶ እግር እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። አንገትሽን ድንገት አዙሮ ሊያንቋቋ የሚነሳ ሰው ከመጣም፣ ማንም ይሁን ማን፣ እምቢ በይ።

ሮለሩን እንዲህ ተጠቀሚበት። ሰሌን ወይም ብርድ ልብስ አንጥፊ። ባትሽን ሮለሩ ላይ አሳርፊና በእጆችሽ ከኋላ ተደገፊ። ከቁርጭምጭሚትሽ በላይ ጀምረሽ ከጉልበትሽ በታች እስኪደርስ በዝግታ ሂጂ። ለአንድ እግር ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከጉልበትሽ ጀርባ ያለውን ጉድጓድ እለፊው፤ ደም ሥርና ነርቭ እዚያ ላይ ቆዳው ሥር ናቸው። ሕመሙን ከ10 ብትለኪው ከ6 አይለፍ። ትንፋሽሽን ከያዝሽ በዝቷል ማለት ነው። ወገብሽና አንገትሽ ላይ አታውዪው። ላይኛው ጀርባሽ ግን ይወደዋል። ሮለሩን ከትከሻ አጥንቶችሽ ሥር አግድም አድርገሽ ተጋደሚበት። ጭንቅላትሽን በእጆችሽ ደግፊና ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ዘንበል በይ። ቀኑን ሙሉ ወደ ጨርቁ የተጎበጠው ጀርባሽ የሚከፈተው እንዲህ ነው። ሳትቆጥሪ፣ ሙዚቃ ወይም ሬዲዮ ከፍተሽ አድርጊው። አየር ስታስወጪ ከምታስገቢበት ይርዘም።

ጓደኞችሽ ሮለር ከሌላቸው አይግዙ። ለባት ሊጥ የሚዳመጥበት እንጨት ይሠራል። ለውስጥ እግር ውሃ የሞላ ሃይላንድ፣ ለትከሻ ካልሲ ውስጥ የገባ የቴኒስ ኳስ ከግድግዳ ጋር ይበቃል።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። የሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። አንቺ ከጠዋት እስከ ማታ ወደ ፊት ዘንበል አድርገሽ በአንገትሽ ትሸከሚዋለሽ። ማታ አሥር ደቂቃ ታሽቶ ጠዋት ወደዚያው የሚመለስ ትከሻ በነጋታው ያው ነው። እሱን የሚያሻሽለው ጥንካሬ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ አንገትና ትከሻቸውን የሚያማቸው 198 የቢሮ ሠራተኞች በሦስት ቡድን ተከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን በቀን 2 ደቂቃ፣ ሌላው 12 ደቂቃ በላስቲክ ክንዳቸውን ወደ ጎን የማንሳት እንቅስቃሴ ሠሩ፤ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ሳይሠራ ቆየ። ከ10 ሳምንት በኋላ የሠሩት ሁለቱም ቡድኖች ሕመማቸው በግልጽ ቀነሰ። ሁለት ደቂቃ! ይህን ለሰው በነገርኩ ቁጥር አያምኑኝም። አንቺም የብስክሌት ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ ቆርጠሽ ረግጠሽው ቁሚና ሁለቱን ጫፎች ይዘሽ ክንዶችሽን ወደ ጎን እስከ ትከሻሽ አንሺ። እስኪደክምሽ፣ በየቀኑ፣ ከሥራ በፊት። ከሮለሩ፣ ከቅቤውና ከላስቲኩ አንድ ብቻ ምረጥልኝ ብትዪኝ እኔ ላስቲኩን እልሻለሁ። ሥራ ላይ ደግሞ ክር በቀየርሽ ቁጥር ቀና በይና ትከሻሽን አምስት ጊዜ ወደ ኋላ አዙሪ። ወንበርሽ ዝቅ ካለ ከፍ አድርጊው፤ ከፍ የማይል ከሆነ ጨርቅ አጥፈሽ ተቀመጪበት።

ስለ እንቅልፉም አንድ ነገር ልጨምር። ሐሳቡ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ደስ ካላለሽ፣ ወይም መኖርን ካስጠላሽ፣ ይህ የማሸት ጉዳይ አይደለም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ሂጂ። መኖር ካስጠላሽማ ዛሬውኑ፣ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ይህም እንደ ባት ሕመም የሚታከም ነገር ነው።

እናትሽ ጋ ስትሄጂ ይህን ንገሪያት። ቅቤው ቅመም የሌለው ይሁን፣ ትንሽ ይበቃል። እጇን አስቀድማ ታሙቀው። ከአንገትሽ ሥር እስከ ትከሻሽ ጫፍ ለመድረስ አምስት ሴኮንድ ያህል ትውሰድ፤ ከዚያ አትፍጠን። የአንገትሽን ፊት ለፊት አትንካው፣ አጥንትሽ ላይም አትጫን። ጀርባሽንና ክንድሽንም ትዳብስልሽ፤ አያምሽም ብላ አትለፈው። ስለ ፋብሪካው ያን ሰዓት አታውሩ። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ጋቢ ታልብስሽና ትተውሽ።

የምትሄጂው ቅዳሜ ከሥራ ስትወጪ ይሁን። ታሽተሽ ወዲያው ሚኒባስ ፍለጋ አትሂጂ። እዚያው እደሪ። የእሁዱን ሩጫ ለአንድ ሳምንት ጓደኞችሽ ያለ አንቺ ይሩጡት፤ አንቺ እስኪበቃሽ ተኚ።